የኮምፒውተር ባለሙያ በከተማችን እንዴት ይገኛል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያደረጉት ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ሥራዬ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፥ ከሥራዬ የትኛውን ክፍል ብነግራችሁ ይጠቅማችሁ ይሆን ብዬ አሰብሁ። እኔ በዚሁ በባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተርና የኔትወርክ ክፍል ኀላፊ ነኝ። ይሁን እንጂ ከዓመት ዓመት አብልጦ የሚያደክመኝ ኮምፒውተሩ አይደለም፤ በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው። የንግግሬም ርእስ ይኸው ነው።

ይህ ጉዳይ አሠሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዛሬ የሚቀጥሩና ነገ የሚቀጠሩ ሰዎች ጐን ለጐን ተቀምጠዋል። አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ለሁለቱም በአንድነት መናገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በከተማችን ሁለት ዐይነት ሮሮ ይሰማል። አሠሪዎች ሲገናኙ «ባለሙያ ጠፋ፤ ማስታወቂያ ብናወጣም የሚረባ ሰው አይመጣም» ይላሉ። ወጣቶች ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጠው «በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀን ሥራ አጣን» ይላሉ። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። ቦታው ባዶ ነው፤ ሰውየውም ሥራ ፈት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን በባጃጅ የአንድ ጉዞ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ጕድለቱ የሰው ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ሮሮ ባልተሰማ ነበር። እኔ እንደማምነው፥ በትንሽ ከተማ ባለሙያ እንደ ዕቃ ከገበያ ተመርጦ የሚገዛ አይደለም፤ ቀድሞ ታይቶ፥ በሥራ ተፈትኖ፥ ተኰትኵቶ የሚያድግ ነው።

ምናልባት «ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናትን?» የሚል ይኖራል። የክልል ርእሰ ከተማ መሆኗን አልዘነጋሁም። ነገር ግን በኮምፒውተር ሥራ ገበያ ሚዛን ከአዲስ አበባ ጋር ስትመዘን ትንሽ ናት። የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤቶችና የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅቶቹ ማእከሎች ያሉት አዲስ አበባ ነው። በእኛ ዘንድ ያሉት ቅርንጫፎቻቸው ናቸው። ቢሆንም ሥራው አልቀረልንም። ሆስፒታሉ የሕሙማንን ካርድ፥ ኮሌጁ የተማሪዎችን ውጤት፥ ሆቴሉ የእንግዶችን ስም በኮምፒውተር ይመዘግባል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ትንሹ ሱቅ እንኳ በስልክ ገንዘብ ይቀበላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከበስተኋላው የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው።

ያ ሰው ሳይኖር ሲቀር ምን እንደሚሆን አንድ ምሳሌ ልስጥ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት አንድ ብቻ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረው። ወጣቱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂም የት እንደሚቀመጥ በጽሑፍ አልተመዘገበም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰርቨሩ ሲበላሽ፥ ድርጅቱ የደንበኞቹን ሒሳብ ከወረቀት ደረሰኝ እየለቀመ እንደ ገና ለመጻፍ ተገደደ። በዚህ ጊዜ የሚወቀሰው የሄደው ልጅ ብቻ አይደለም። ሁሉን ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የጫነው አሠራርም ተወቃሽ ነው።

አሁን አሠሪና ባለሙያ ስለማይገናኙባቸው ምክንያቶች ላውጋችሁ።

አንደኛው ምክንያት የማስታወቂያው አጻጻፍ ነው። «የኮምፒውተር ባለሙያ» የሚለው ስም ብዙ ሙያ ይሸፍናል። ኔትወርክ የሚዘረጋና የሚጠብቅ አለ፤ ፕሮግራም የሚጽፍ አለ፤ ዳታቤዝ የሚያስተዳድር አለ፤ ሠራተኛው ኮምፒውተሩ እንቢ ሲለው ደርሶ የሚረዳም አለ። በእኛ ከተማ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ግን አዘውትሮ አራቱንም በአንድ ሰው ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪና የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ሰው ቢገኝ እንኳ አዲስ አበባ ቀድማ ወስዳዋለች። ማስታወቂያውን ያነበበው የከተማችን ወጣት ደግሞ ከአራቱ ሁለቱን አሳምሮ የሚችል ሆኖ ሳለ «ይህ ለኔ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛው የማስታወቂያው መውጫ ቦታ ነው። በግቢው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት የሚያየው በዚያ በር የሚያልፍ ብቻ ነው። በበኵር ጋዜጣ ማውጣት መልካም ነው፤ ነገር ግን የኮምፒውተር ወጣት የሚውለው በቴሌግራም ላይ ነው። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ደግሞ አመልካቹ የትምህርት ማስረጃውን ዋናና ኮፒ ይዞ በአካል እንዲቀርብ ያስገድዳል። እንጅባራ ወይም ደብረ ታቦር ያለው ልጅ ለማመልከቻው ብቻ የመኪና ገንዘብ ከፍሎ መምጣት አለበት። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ስንፈልግ ማመልከቻውን በኮምፒውተር አለመቀበላችን የሚያስገርም ነገር ነው።

ሦስተኛው የደመወዝ ልዩነት ነው፤ ይህን መሸሸግ አይቻልም። ተወዳዳሪያችንም አዲስ አበባ ብቻ አይደለችም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት የሚያገኘው ገንዘብ በብር ሲቈጠር በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። የእኛ የደመወዝ መሰላል ግን በዚያ ፍጥነት አልወጣም።

አራተኛው የመሥመርና የመብራት ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ኢንተርኔት ለሌላው ሰው መገናኛ ነው፤ ለኮምፒውተር ባለሙያ ግን ማረሻውም ሞፈሩም ነው። ማረሻውን ያጣ ገበሬ አገር ቢለቅ አይፈረድበትም። በዚያ ጊዜ የሄዱትን መልሶ ማምጣት እስከ ዛሬ ድረስ ቀላል አልሆነልንም።

አምስተኛውንና የመጨረሻውን በጥቂቱ ልንካው። በትንሽ ከተማ ሁሉ ሰው ይተዋወቃል። መተዋወቅ በጎ ነገር ነው፤ በሥራ ቅጥር ላይ ሲገባ ግን ያበላሻል። «የእገሌ ልጅ ነው» ተብሎ የተቀጠረ ሰው ሰርቨሩን አያስነሣውም። ከዚህም የሚብሰው፥ ዘመድ የሌለው ጐበዝ ልጅ ቦታው አስቀድሞ የተያዘ እየመሰለው ማመልከቻ ከመጻፍ መቅረቱ ነው።

እንግዲህ መድኀኒቱ ምንድን ነው? እዚህ ላይ የከተማችንን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1961 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር በሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ የጨርቃ ጨርቅ፥ የብረታ ብረት፥ የእንጨት ሥራና የኤሌክትሪክ ሙያ የሚማሩ ወጣቶችንም ተቀበለ። በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ልብ በሉ፤ ፋብሪካው፥ ትምህርት ቤቱና መብራቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታትለው በአንድ አካባቢ ቆሙ። ያ ፖሊቴክኒክ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ በዚያው በቴክኖሎጂው ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ የምንማረው ባለሙያ የሚበቅለው ሥራና ትምህርት ጐረቤት ሲሆኑ መሆኑን ነው። ዛሬም ሁለቱ ጐረቤት ናቸው፤ የጐደለው መጠያየቅ ነው።

ወደ አሠሪዎች ልመለስ፤ የማቀርበው በሥራ ላይ አይቼ የጠቀመውን ነው።

ባለሙያን ከምረቃ በኋላ አትፈልጉት፤ ገና ተማሪ ሳለ እዩት። ዩኒቨርሲቲውና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹ ተማሪዎቻቸውን ለሥራ ልምምድ ይልካሉ። ብዙዎቻችን ተለማማጁን ወረቀት ኮፒ እንዲያደርግ እናዘዋለን፤ ጊዜው ሲያልቅ ማኅተም መትተን እንሸኘዋለን። ስለዚህ ማን እንደ ነበረ ሳናውቅ ይሄዳል። ይልቁንስ አንድ እውነተኛ ሥራ ስጡት፤ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ ቈጥሮ እንዲመዘግብ፥ የአንዱን ክፍል የኔትወርክ ገመድ አስተካክሎ ሥዕሉን እንዲያነሣ አድርጉ። በሁለት ወር ውስጥ ከማንኛውም የቃል ፈተና የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ደግሞም ዲግሪ ለማያስፈልገው ሥራ ዲግሪ አትጠይቁ። በሃርድዌርና ኔትወርክ ሙያ በደረጃ ሦስት ወይም አራት የሠለጠነና የብቃት ምዘናውን ያለፈ ወጣት፥ የሠራተኛውን ኮምፒውተር ጠግኖ ለማስነሣት ከማንም አያንስም። ስልክ ጥገና ቤቶችንና የጽሕፈት አገልግሎት መስጫዎችንም አትናቁ። በእነዚያ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ያለ መጽሐፍ በጥረታቸው ብዙ የተማሩ ልጆች ተቀምጠዋል።

ስትፈትኑ በሥራ ፈትኑ። «ኔትወርክ ምንድን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ የተበላሸ ኮምፒውተር አስቀምጦ «አስነሣው» ማለት ይበልጣል። ፕሮግራም ጸሓፊ ከሆነ ትንሽ የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ እንዲሠራ አድርጉ፤ ሥራውንም ስሙ ሳይታይ በቍጥር ብቻ ሁለት ሰዎች ያርሙት። የዝምድናን ነገር የሚያርቀው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጥ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። ይህ ጊዜ የተሰጠው ሰውየውን በሥራ ላይ ለማየት ነው፤ ሠራተኛውም በበኩሉ ቤቱን ያይበታል።

የቀጠራችሁትን ለማቆየት ደግሞ ደመወዝ ብቻ መሣሪያ አይደለም። የአዲስ አበባን ያህል መክፈል ባንችል፥ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚማርበትን ጊዜና አስተማማኝ መሥመር መስጠት እንችላለን። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ምን ደረጃ እንደሚያድግም በጽሑፍ ልናሳየው እንችላለን። ከሁሉ በላይ አንድ ሰው ብቻ አትቅጠሩ፤ ቢቻል ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ለሌላው እያስተማረ ሥራውን ሁሉ በጽሑፍ ይያዙ። በአዋጁ መሠረት ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሥራው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተያዘ ግን ሠላሳ ቀን ለርክክብ አይበቃም።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር፥ የተወደዳችሁ ተማሪዎች።

የኮምፒውተር ባለሙያ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ እስክትገቡ መጠበቅ አያስፈልግም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት የአረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና፥ የፕሮግራም አጻጻፍ፥ የአንድሮይድ፥ የመረጃ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ታስቦ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ ተጠቀሙበት። ነገር ግን የምስክር ወረቀቱን አግኝታችሁ እዚያ አትቁሙ። እኔ የአመልካችን ወረቀት ስመለከት አስቀድሜ የምጠይቀው «ምን ሠራህ? ምን ሠራሽ?» ብዬ ነው። የትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት መዝገብ ያስፈልገዋል፤ የእናታችሁ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ያስፈልገዋል። ትንሽም ብትሆን ሰው የተጠቀመባትን አንዲት ሥራ ይዛችሁ ኑ። እሷ ከአምስት የምስክር ወረቀት ትበልጣለች።

የሒሳብና የእንግሊዝኛ ትምህርታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ የሙያው መጻሕፍት የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነውና። አማርኛን አጥርቶ መጻፍም እንዲሁ ያስፈልጋል። የተሠራውን ነገር ለማያውቅ ሠራተኛ በግልጽ አማርኛ የሚያስረዳ ባለሙያ ስንት ጊዜ ፈልጌ ያጣሁ ነኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል፤ ለዚያ የሚጠቅመው መሠረት የሚጣለው እዚሁ በእናንተ ክፍል ነው።

ለሴቶች ተማሪዎች በተለይ የምናገረው አለኝ። «ገመድ መዘርጋትና ማሽን መፍታት የወንድ ሥራ ነው» የሚል ሰው ያጋጥማችሁ ይሆናል። በክፍላችን ካሉት ሁሉ መዝገቧን በትክክል የምትይዘውና ብልሽት ሲደርስ ሳትደነግጥ ምክንያቱን የምታገኘው ሴት ናት። ሥራው የሚጠይቀው ትዕግሥትና ጥንቃቄን ነው። አሠሪዎችም ወልዳ ከሥራ የቆየችውን ባለሙያ ተመልሳ እንድትመጣ በር ይክፈቱላት፤ ከሩቅ ከሚፈለገው ሰው እሷ ትቀርባለች።

«ተምረን ብንሄድስ?» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የሚሄደውን ሰው የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ሰው ያሳደገውን ወላጅ ለመርዳትና ዕውቀቱን ለማስፋት መሄዱ መብቱ ነው። የሄደውም ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም። ከእናንተ መካከል ነገ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር የአንድ ክፍል ኀላፊ የሚሆን ይኖራል። እሱ ሰው ለመቅጠር ሲፈልግ «ባሕር ዳር ሆኖ ሊሠራው የሚችል ልጅ አለ» ብሎ ቢያስብ፥ ለከተማው ሥራ ላከ ማለት ነው። ለመቅረት የሚፈልገው ደግሞ መቅረቱ እንደ ውድቀት ሊቈጠርበት አይገባም። በወላጆቹ ቤት እየኖረ፥ የሚያውቃቸውን ሰዎች ሆስፒታልና ትምህርት ቤት በሥራው እያቆመ የሚኖር ሰው ታላቅ ሥራ ይሠራል። እኛ አሠሪዎች ልናደርገው የሚገባን፥ መቅረት የማጣት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የምርጫ ጉዳይ እንዲሆን ነው።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ይህ ትምህርት ቤት በያመቱ አንድ ቀን ይወስን። በዚያ ቀን የከተማው አሠሪዎች ይምጡ፤ እያንዳንዱም ማስታወቂያ ሳይሆን ያቃተውን አንድ ሥራ ይዞ ይምጣ። ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች፥ ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ የመጡም ቢሆኑ፥ ያንን ሥራ ይሞክሩት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎቹን ሙያና አድራሻ፥ ፈቃዳቸውን እየጠየቀ፥ በአንድ መዝገብ ይያዝ። መዝገቡን የሚሠራው የውጭ ድርጅት አይሁን፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች መካከል ይሁን። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍል፥ ጥቂት ኮምፒውተሮችና የአንድ ቀን ፈቃድ ይበቃል። እኔም የመሥሪያ ቤቴን ችግር ይዤ ከሁሉ በፊት ለመምጣት ቃል እገባለሁ።

አባቶቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ብለዋል። የከተማችን የኮምፒውተር ሥራ ሰርዶ እንዲሁ ነው፤ የሚነቀለው በዚሁ በበቀለው በሬ ነው። በሬውም ገና ጥጃ ሳለ ካልተለማመደ ለቀንበር አይደርስም። ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ፥ ለእናንተም የሥራና የዕውቀት ዘመን እመኛለሁ።